ማሽኑን ከማሞቃችን በፊት

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሴሚስተር በላብራቶሪያችን ውስጥ የደረሰ አንድ ጥፋት ነው። ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ "ይሄ ልጅ ደግሞ ማንን ሊወቅስ ነው?" ለምትሉ አንባቢዎች ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ወቀሳው ከራሴ ይጀምራል። በእኔ ላይ ብቻ ያበቃል የሚል እምነት ግን የለኝም። ምክንያቱም ያንን ጥፋት ለመሥራት ሁላችንም በአንድ መንገድ ተዘጋጅተናል፤ ተራው የእኔ ሆነ እንጂ።

የመመረቂያ ሥራዬ በአረቄ ላይ ነበር። በከተማችን ከሚሸጡ የቤት አረቄዎች ናሙና ሰብስቤ፣ በውስጣቸው ያለውን ሜታኖልና ሌሎች አልኮሎች በጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ እኛ "ጂሲ" በምንለው ማሽን፣ መለካት ነው። ሜታኖል በሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ እየተለወጠ ዓይን የሚያጠፋ፣ ሲበዛም የሚገድል መርዝ መሆኑን የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ናሙና ከሰጡኝ አንዷ እድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው። ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚሁ አረቄ ነው። ጠርሙሱን ሲሰጡኝ "ልጄ፣ መርምረው፤ እኔ ራሴ የማልቀምሰውን ለሰው አልቀዳም" አሉኝ። የእሳቸው ናሙና ቁጥር 9 ነበር።

ማሽኑን ለማያውቁ የታች ክፍል ተማሪዎች ትንሽ ልበል። ናሙናው በመርፌ ወደ ኢንጀክተሩ ይገባና እዚያ በሙቀት ይተናል። ከዚያ በኋላ ተሸካሚ ጋዝ የሚባለው፣ ማለትም ሂሊየም ወይም ናይትሮጅን ወይም ሃይድሮጅን፣ እንፋሎቱን እየገፋ 30 ሜትር ርዝመት ባለውና ውስጡ 0.25 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይወስደዋል። ኮለም የምንለው እሱን ነው። የኮለሙ ውስጠኛ ግድግዳ በስስ ሽፋን ተቀብቷል፤ ሽፋኑን የሚወድ ሞለኪውል ይዘገያል፣ የማይወደው ቀድሞ ይወጣል። የመለየቱ ጥበብ በሙሉ ይኸው ነው። ማርቲንና ሲንጅ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተሙት ጽሑፍ ፈሳሹን በጋዝ መተካት እንደሚቻል ጠቁመው ነበር፤ ሆኖም ማርቲን ራሱ ከጄምስ ጋር ሆኖ ጂሲን በሥራ አሳይቶ ያሳተመው በ1952 ነው። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል አሥራ አንድ ዓመት አለፈ ማለት ነው። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ማሽን ውስጥ የሚሄደው ጋዙ ነው። ጋዙ ከሌለ የቀረው ምድጃ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ጠዋት ስታንዳርዶቹን አስገባሁ፤ ኢታይል አሲቴት በ2.80 ደቂቃ፣ ሜታኖል በ3.00፣ ኢታኖል በ3.40 ወጡ። ቆንጆ ነበር። ከምሳ በኋላ ናሙናዎቹን በየተራ ሳስገባ ዋልኩ። ወደ ማታ ገደማ የናሙና 9 ሪፖርት ታተመና ሳየው "ሜታኖል" ከሚለው ፊት ለፊት ትልቅ ቁጥር ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ለመመረቂያ ጽሑፍ "ምንም አልተገኘም" ከማለት "ከፍተኛ ሜታኖል ተገኘ" ማለት ይሻላላ። እኒያ እናት ለቅጽበት እንኳን ትዝ አላሉኝም።

ደስታዬን ይዤ ልወጣ ስል፣ ኮለሙ ውስጥ የቀረ ከባድ ነገር ካለ ተጠርጎ ይውጣ ብዬ ኦቨኑን 180 ዲግሪ ላይ ትቼው ሄድኩ። ቅዳሜና እሁድ እንደዚያው ከረመ። የሲሊንደሩን መለኪያ አላየሁም። ማንም እይ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ስመጣ በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ዝቅ ያለና ምንም የማይንቀጠቀጥ መስመር ነው። "ጸድቷል" አልኩ። ስታንዳርድ አስገባሁ፤ ምንም ፒክ የለም። መርፌው ተደፍኖ ይሆናል ብዬ መርፌ ቀየርኩ። አሁንም የለም። ሴፕተሙን ቀየርኩ። የለም። ጓደኛዬ "ኢንጀክተሩ በደንብ አልሞቀም ይሆናል፣ ጨምርለት" አለኝና ጨመርኩ። ነበልባሉ ይነድዳል፤ እሱ የሚነድደው ከሌላ ሲሊንደር በሚመጣ ሃይድሮጅንና በአየር ስለሆነ ስለ ተሸካሚው ጋዝ አይነግረንም። መስመሩ ቀጥ ያለውም ማሽኑ ጤነኛ ስለሆነ አልነበረም፤ ወደ ነበልባሉ ምንም ነገር የሚያመጣ ጋዝ ስለሌለ ነው። የሞተ ሰው የልብ ምትም ቀጥ ያለ መስመር ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ከደከምን በኋላ ነው ቴክኒሻናችን መጥተው ምንም ሳይናገሩ ወደ ሲሊንደሩ የሄዱት። መለኪያው ዜሮ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ አሁንም አልተማርኩም፤ አዲሱ ሲሊንደር እንደተገጠመ ኦቨኑን ወዲያው ላሞቀው እጄን ስዘረጋ "ተው!" አሉኝ። "መጀመሪያ አቀዝቅዘው። እሳት ያለጋዝ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ?"

እንግዲህ የማላውቀው ይህንን ነበር። ፈተና ላይ የቫን ዲምተርን እኩልታ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ሂሊየም ለምን ከናይትሮጅን ፈጥኖ መሄድ እንደሚችል በግራፍ ማስረዳት እችላለሁ። ጋዝ ሲያልቅ በቅድሚያ ምን እንደሚጠፋ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ለአልኮል የምንጠቀምበት ኮለም ሽፋኑ ፖሊኢታይሊን ግላይኮል ነው፤ በኦክስጅን ከሚጎዱት ሁሉ እሱ ይብሳል። ጋዙ ሲቆም አየር በጫፍም በክፍተትም ይገባል፤ ኮለሙ ከቀዘቀዘ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፣ ከሞቀ ግን ሽፋኑ ይበላል። የተበላ ሽፋን አይመለስም። የኮለም ዋጋ ደግሞ ብዙ መቶ ዶላር ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ጥበቃውን ስትጨምሩበት ደግሞ የአንድ ሰው ሴሚስተር ነው።

ቴክኒሻናችን ያንን ሰኞና ማክሰኞ ያሳዩኝን እዚህ ላይ በሰፊው እጽፈዋለሁ፤ በየትኛውም ኮርስ ስላላገኘሁት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የጂሲ ሥሩ ሲሊንደሩ ነው። ኦቨኑ ቀዘቀዘ። የነበልባሉ ሃይድሮጅን ተዘጋ። ይህ የግድ ነው፤ ኮለሙ ከዲቴክተሩ ተነቅሎ ሃይድሮጅኑ ከተከፈተ ኦቨኑ ውስጥ ይጠራቀምና ይፈነዳል። ሲሊንደሩ ሲቀየር በቧንቧው ውስጥ አየር ስለገባ፣ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ጋዙ ለተወሰነ ጊዜ እንዲነፍስ ተደረገ። የኦክስጅንና የእርጥበት ማጣሪያዎቹ ቀለም ታየ። ከዚያም የኮለሙ የዲቴክተር ጫፍ ተነቅሎ አልኮል ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ተነከረ፤ አረፋ ቱር ቱር እያለ ወጣ። ያንን አረፋ ሳይ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። ጋዝ አለ ማለት ነው! በስክሪን ላይ "ፍሰት 1.0" ተብሎ ከሚጻፍ ቁጥር ያ አረፋ ይበልጥ ይታመናል።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛው ጋዝ ብቻ ነፈሰ። ለእኔ ያ ግማሽ ሰዓት ከዓመት ይረዝም ነበር። በሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለውን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ አየነው፤ ኦቨኑ ውስጥ ያሉትን ግን በሳሙና እንዳልነካ አስጠነቀቁኝ፤ ሳሙናው በክፍተቱ ተስቦ ይገባና ኮለሙን ያበላሻልና። ጫፉ ተመልሶ ተገጠመ፣ ሙቀቱ በደቂቃ አምስት አምስት ዲግሪ ብቻ እየጨመረ ወጣ።

አሁን ደግሞ በጣም የወደድኩት ነገር። ጋሼ ከኪሳቸው የሲጋራ ላይተር አወጡ። "ልታጨሱ ነው እንዴ?" አልኳቸው። ሳቁና ከላይተሩ ጥቂት ጋዝ በመርፌ ስበው አስገቡ። የላይተር ጋዝ ቡቴን ነው፤ በእኛ ኮለም ሽፋን ላይ እምብዛም አይቆይም፣ ስለዚህ ሲወጣ የሚነግረን ጋዙ ራሱ 30 ሜትሩን ለመጨረስ የፈጀበትን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። በ1.67 ደቂቃ፣ ማለትም በ100 ሴኮንድ ወጣ። 3000 ሴንቲ ሜትርን ለ100 ስታካፍሉት በሴኮንድ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ለሂሊየም ጥሩ ፍጥነት ነው። በጥቂት ብር ላይተር!

ይህ ቁጥር በእጃችሁ ካለ የሚቀረው ምርመራ በግምት መሆኑ ይቀራል። የላይተሩ ጋዝም ሌሎቹም ፒኮች በአንድ ዓይነት መጠን ከዘገዩ ችግሩ ፍሰት ነው፤ ወደ ሲሊንደሩ፣ ወደ ሬጉሌተሩ፣ ወደ ክፍተት ሂዱ። የላይተሩ ጋዝ በቦታው ሆኖ ሌሎቹ ቀድመው መውጣት ከጀመሩ ኮለሙ ሽፋኑን አጥቷል። ፒኩ ጅራት ካወጣ የኮለሙን መግቢያና ኢንጀክተሩን ጠርጥሩ። መስመሩ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ሽቅብ ከወጣ ሽፋኑ እየተቃጠለ ነው ወይም አየር አሁንም እየገባ ነው። በእኔ ኮለም የላይተሩ ጋዝ ልክ በቦታው ወጣ፣ ሜታኖል ግን ከ3.00 ወደ 2.87 መጥቶ ነበር፤ ከኋላውም ጅራት ነበረው። ከሁለቱም ጫፍ ግማሽ ግማሽ ሜትር ቆረጥን፤ ጅራቱ ትንሽ አጠረ እንጂ ኮለሙ አልዳነም። ገደልኩት ማለት ነው።

"ዓርብ ያገኘኸውን አምጣ" አሉኝ ጋሼ። የናሙና 9ን ወረቀት በኩራት ሰጠኋቸው። አዩትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ "ኢታኖሉስ የት ነው?"

ወረቀቱን ዳግም አየሁ። ከኢታኖል ፊት ለፊት "አልተገኘም" ይላል። አረቄ ውስጥ ኢታኖል አልተገኘም! ከሁሉም የገዘፈው ፒክ ስም ሳይሰጠው 3.64 ላይ ተገትሯል። ዓይኔ የሜታኖልን መስመር ብቻ ስለፈለገ አላየሁትም። ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲሊንደሩ እያለቀ ግፊቱ ቀስ በቀስ ወርዶ ስለነበር ሁሉም ነገር በሰባት በመቶ ያህል ዘግይቷል። 2.80 ላይ መውጣት የነበረበት ኢታይል አሲቴት 3.00 ላይ ወጣ። ኮምፒዩተሩ ደግሞ 3.00 ላይ የወጣውን ሁሉ ሜታኖል ብሎ እንዲጠራ ታዟልና ጠራው። ኢታይል አሲቴት በማንኛውም የተጠመቀና የተነጠረ መጠጥ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እኔ ግን እኒያን እናት መርዝ ሻጭ ላደርጋቸው ነበር። ባስብበት ኖሮ እንኳን ከገብስና ከብቅል የተነጠረ አረቄ ብዙ ሜታኖል እንደማይኖረው፣ ሜታኖል ይበልጥ ፔክቲን ካለው ከፍራፍሬ እንደሚመጣ አንብቤአለሁ። አላሰብኩም።

ወደ አስተያየቴ ልግባ። በትምህርት ክፍላችን በብዛት የሚሰማው ሐሳብ "ተማሪ ማሽን አይነካካ፣ ቴክኒሻን ይሥራለት፣ ተማሪው ውጤቱን ይውሰድ" የሚል ነው። ይህን የሚሉ መምህራን ምክንያት የላቸውም አልልም። ማሽኑ አንድ ነው፤ አርጅቷል፤ መለዋወጫው እንደልብ አይገኝም፤ እንደ እኔ ያለ ተማሪ ምን እንደሚያደርገውም አይታችኋል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ግፊቱ ሲወርድ ራሳቸው ኦቨኑን ያጠፋሉ፤ የእኛው አያጠፋም። ነገር ግን መፍትሔው ተማሪውን ማራቅ ነው ወይ? እኔ ማሽኑን የጎዳሁት ስለነካሁት አይደለም፤ የሚነካውን ብቻ ተምሬ የሚታየውን ስላልተማርኩ ነው። መርፌ መወጋት ያሳዩናል፣ ቁልፍ መጫን ያሳዩናል። መለኪያ ማንበብ "የቴክኒሻን ሥራ" ነው ይባላል። ቴክኒሻኑ ደግሞ አንድ ሰው ናቸው፤ ዓርብ ማታ ቤታቸው ናቸው። ከዚህ ተመርቀን ቢራ ፋብሪካ ወይም የጥራት ቁጥጥር ላብራቶሪ ስንቀጠር "ሲሊንደሩን የሚያየው ሌላ ሰው ነው" ልንል ነው?

ሁለተኛው ነገር ፍርሃቱ ነው። ሰኞ ዕለት ጋዙ ማለቁን ሳውቅ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ኦቨኑን 180 ላይ ትቼው መሄዴን አለመናገር። ኮለሙ ያረጀ ነው ቢባል ማን ያውቃል? የማሽኑን መዝገብ ገልጬ ሳየው ለብዙ ወራት የተጻፈው "ሠርቷል፣ ሠርቷል፣ ሠርቷል" የሚል ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ አንድም ነገር አልተበላሸም ማለት ነው? የተበላሸ ነገር የጻፈ ሰው "ያበላሸኸው አንተ ነህ" ስለሚባልና ማርክ ስለሚቆረጥበት ማንም አይጽፍም። የማይጻፍ ብልሽት ደግሞ ወደሚቀጥለው ተማሪ ውጤት ይሻገራል። ከእኔ በፊት የሠራው ሰው "ግፊቱ 15 ባር ቀርቷል" ብሎ ቢጽፍልኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። ስለዚህ ትምህርት ክፍሉን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ ማንም ተማሪ ኦቨኑን ከማሞቁ በፊት የሲሊንደሩን ግፊትና የላይተሩን ጊዜ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፣ ሲወጣም ይጻፍ፤ ብልሽት ጽፎ በመገኘቱ ግን ማንም አይቀጣ። ደብቆ የተገኘ ከፈለጋችሁ ይቀጣ።

"ሂሊየም ስለማይገኝ ነው እስከ መጨረሻው ጠብታ የምንጠቀመው" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም ዓለም በሙሉ እጥረት ገጥሞት ነበር። በነገራችን ላይ በ2016 በታንዛኒያ፣ በዚያው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የሂሊየም ክምችት መገኘቱ ተነግሯል፤ አንድ ቀን ከቅርብ እንገዛ ይሆናል። እስከዚያው ግን ሲሊንደርን አሟጦ መጠቀም ቁጠባ አይደለም፤ ግፊቱ ሲወርድ እርጥበቱና ቆሻሻው በጋዙ ውስጥ ያለው ድርሻ ይጨምራል። በተረፈች ጋዝ ኮለም መግደል ምን ዓይነት ቁጠባ ነው? ናይትሮጅን የአገር ውስጥ ምርት ነው፤ ቀስ ብሎ ቢሄድም ለአረቄ ይበቃል። ወደ እሱ ብንዞር እመርጣለሁ። ጋዝ ስንቀይር ማሽኑ ላይ የጋዙን ስም መቀየር እንዳንረሳ እንጂ፤ አለበለዚያ የሚያሳየን ፍሰት ውሸት ይሆናል።

የቀረው የዓርቡ ውጤት ነው። ሰባት ናሙናዎች ነበሩ። አንድ ጓደኛዬ "ሰዓቶቹን በ1.07 አካፍላቸው፣ ይስተካከላሉ፣ ማን ያውቅብሃል" አለኝ። ማካፈሉ ፒኩን ወደ ቦታው ይመልሰው ይሆናል፤ ፍሰቱ ግን በየናሙናው መካከል እየወረደ ስለነበር የትኛው በስንት እንደሚካፈል የማውቅበት መንገድ አልነበረም። መመረቂያው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሰባቱንም ጣልኳቸው። ጋሼ ከመሳቢያ አንድ አሮጌ ኮለም አውጥተው ገጠሙልኝ፣ አዲስ ስታንዳርድ ሠራሁ፣ አምስቱን ናሙና ደግሜ አስገባሁ። የሁለቱ አልቆ ስለነበር በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ረድፍ ተውኩ። መከላከያ ላይ ፈታኙ ስለ ባዶው ረድፍ ጠየቁኝ፤ ጋዝ አልቆብኝ ነው አልኳቸው። ሌሎቹ ሳቁ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ማስታወሻ ያዙ።

ናሙና 9 በአሮጌው ኮለም ሲታይ ሜታኖሉ ከስታንዳርዶቼ ዝቅተኛው በታች ሆነ። ውጤቱን ለባለቤቷ ነገርኳቸው። "ነግሬህ አልነበር?" አሉኝና ብርጭቆ ሊያቀርቡልኝ ሲሉ ፈተና አለብኝ ብዬ አመለጥኩ።

ባለፈው ሳምንት መዝገቡን ገለጥኩት። ከእኔ ጽሑፍ በኋላ ሦስት ሰዎች ጽፈዋል። የመጨረሻው "ላይተር 1.69፤ ግፊት 20 ባር፤ ለሰኞ ሲሊንደር ይታዘዝ" ይላል። ሰኞ ጠዋት ሄጄ አያለሁ።